በእንጀራችን የተሠራው ስታዲየም

ይህን ጋዜጣ የምታነቡት እንደ ልማዳችሁ ያዘዛችሁት ምግብ እስኪመጣ ከሆነ አንድ የቆየ ሒሳብ ላስታውሳችሁ። ከጥር 1996 እስከ መስከረም 2011 ድረስ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በኪንግ ካውንቲ ምግብ ቤት ገብቶ የበላ ሁሉ በየአንዳንዱ ዶላር ላይ ግማሽ ሳንቲም ለቤዝቦል ስታዲየም ማሠሪያ ከፍሏል። ክትፎም ይሁን ሀምበርገር ቀራጩ አልለየም። «እኔ ልክፈል፣ በሞቴ እኔ ልክፈል» እየተባባልን ሒሳብ ስንነጣጠቅ ያ ግማሽ ሳንቲም አብሮ ይሄድ ነበር።

ታዲያ ስንቶቻችን ገብተን አየነው? እኔ ራሴ ለከተማው እንግዳ በነበርኩበት ጊዜ ከዚያው ስታዲየም ራቅ ብሎ ባለ የመኪና ማቆሚያ በር ላይ ሁለት ሰመር ቆሜያለሁ። ስታዲየሙን የማውቀው በጆሮዬ ነበር። አርባ ሺህ ሰው አንድ ላይ ሲጮህ ይሰማኛል፤ ለምን እንደጮኸ ግን የሚነግረኝ የለም። ባለፈው ሐምሌ የእኅቴ ልጅ «ጋሼ፣ ዘንድሮ ካልወሰድከኝ አላናግርህም» ብሎ ስለዛተብኝ ትኬት ቆረጥኩ።

ከኮሎምቢያ ሲቲ ባቡር ተሳፈርን። ባቡሩ ማውንት ቤከር ጣቢያ ሲቆም ማዶ ያለውን የሎውስ መደብር አሳየሁት፤ ቀለምና ቧንቧ የምንገዛበትን። እዚያ ቦታ ላይ ከ1938 ጀምሮ ሲክስ የሚባል የቤዝቦል ስታዲየም ነበረ። በ1969 ሲያትል ለመጀመሪያ ጊዜ በትልቁ ሊግ የሚጫወት ፓይለትስ የተባለ ቡድን ስታገኝ፣ አሮጌውን ስታዲየም ለማደስና ለማስፋት ጥድፊያ ሆነ። የመክፈቻው ቀን ደርሶ አናጢዎቹ ገና ሚስማር ይመቱ ነበር፤ ትኬት የገዛው ሰው መቀመጫው ተቸንክሮ እስኪያልቅ ቆሞ ጠበቀ። ሕዝብ ሲበዛ ደግሞ የውኃው ግፊት ይወድቅና መጸዳጃ ቤቱ አይሠራም። በዓመቱ ቡድኑ ከስሮ ወደ ሚልዋኪ ሄደ። ስታዲየሙም በ1979 ፈረሰ። «እዚህ? ሎውስ?» አለኝ ልጁ፣ የቀለድኩበት መስሎት።

ከዚያ ወዲህ ያለውን የኪንግዶምን ታሪክ የቆያችሁት ታውቁታላችሁ። በ1976 የተከፈተው ያ የሲሚንቶ ቆብ በሐምሌ 1994 ጨዋታ ሊጀመር ሲል ከኮርኒሱ ንጣፍ አራገፈ። በመጋቢት 2000 በፈንጂ አፈረሱት። ሕንፃው በሰከንዶች ወደቀ፣ ዕዳው ግን ተከፍሎ ያለቀው በ2015 ነው። የፈረሰ ቤት ኪራይ መክፈል ይሏል ይህ ነው።

አዲሱ ስታዲየም በሐምሌ 1999 ሴፍኮ ፊልድ ተብሎ ተከፈተ፤ ከ2019 ወዲህ ስሙ ቲ-ሞባይል ፓርክ ነው። ወጪው ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ። የካውንቲው ሕዝብ በመስከረም 1995 በድምፁ አልቀበልም ብሎት ነበር። በማግስቱ ወር ኤድጋር ማርቲኔዝ ኒው ዮርክን የጣለበትን ምት መታ፤ ከተማው አበደ፤ የግዛቲቱ ምክር ቤትም ገንዘቡን በሌላ መንገድ አጸደቀ። ድምፅ መስጠት እንዲህም ይሻራል ለካ! ይህን ነገር ከሌላ አገር የለመድነው መስሎኝ ነበር።

ስለዚህ ተናድጄ ነው የገባሁት። ደረጃውን ጨርሼ ሣሩን ሳይ ግን ንዴቴን ረሳሁት። እንዲያ ያለ አረንጓዴ ከአገሬ ከወጣሁ ወዲህ አላየሁም። ጣራው ወደ 10 ሺህ ቶን ይመዝናል፤ ሦስት ቁራጭ ሆኖ በሐዲድ ላይ እየተንከባለለ ሃያ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ይዘጋል። ጎኑ ክፍት ነው፣ እንደ ጃንጥላ ዝናቡን ብቻ ይከለክላል። በ2013 ሲያድሱት አጥሩን አቅርበውታል፤ ኳሷ አልርቅ እያለች መቺዎቹን ታማርር ነበርና። ያኔ የሰቀሉት ስክሪን ወርዱ 60 ሜትር ያህላል። ከበስተጀርባ የጭነት ባቡር ጡሩምባውን ይነፋል። የተጠበሰ አንበጣም ይሸጣል፤ መጥምቁ ዮሐንስን አስቤ ልቀምስ ብል ልጁ አፈረብኝ። ምግብ ይዞ መግባት ስለሚፈቀድ እኅቴ የቋጠረችልንን ቆሎ አወጣን። አጠገባችን የነበሩት አዛውንት ፈረንጅ አንድ እፍኝ ዘግነው እስከ መጨረሻው ሲቆረጥሙ አመሹ።

አንዱ መቺ ኳሷን በዱላው ነካ ብቻ አድርጎ ሮጠና ተቃጠለ። ሕዝቡ ግን አጨበጨበለት። «ምን ሠራና?» አልኩ። «ጋሼ፣ እሱ ወጥቶ ጓደኛውን ወደ ፊት አሳለፈው። አውቆ ነው» አለኝ። ማስረዳቱን ቀጠለ፣ እኔ ግን ገብቶኛል። በእኛ ቤት ያንን የሚያደርግ ስንት አለ።

ጣራውን እያየሁ ሐሳቤ ወደ አዲስ አበባ ስታዲየም ሄደ። በጥር 1962 ግብፆችን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳንበት ሜዳ ነው። ከስድሳ ዓመት በኋላ በሰኔ 2022 ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ «በሜዳችን» የተባለው ጨዋታ ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ነበር፤ በአገራችን ካፍ ያጸደቀው አንድም ስታዲየም አልነበረምና። እዚህ ደግሞ በ2018 የካውንቲው ምክር ቤት 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ከሆቴል ቀረጥ 135 ሚሊዮን ዶላር ለዚህ ስታዲየም ጥገና መደበ። ያ ገንዘብ ለመኖሪያ ቤት ይዋል ብለው የተከራከሩ ነበሩ፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። ከሬይኒየር ሸለቆ ኪራይ አባርሯቸው ኬንት የወረዱ ወገኖቻችን መጋዘንና ሆቴል እያጸዱ ነው ያንን ቀረጥ የሚያስገቡት። ሣሩ አምሮብኛል፣ ይህንንም አልረሳሁም።

ማሪነርስ በአንድ ነጥብ ተሸነፈ። ስንወጣ በመኪና ማቆሚያው በር ላይ ብርቱካንማ ሰደርያ የለበሱ ጎልማሳ ቆመዋል፤ ገና ሳንጠጋቸው በአማርኛ «እንደምን አመሻችሁ» አሉን። ማን እንዳሸነፈ ልነግራቸው ስል እጃቸውን አወዛወዙ።

«ተሸንፈናል አይደል? በዘጠነኛው ላይ ጩኸቱ መሐል ላይ ሲቆረጥ አውቄዋለሁ» አሉ።