ርእሰ አንቀጽ፦ የሸክላ ሠሪ እጅ

ሐምሌ 6 ቀን 1917 ዓ.ም. በሞራቪያ፣ ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ በምትባለው አገር፣ ዶልኒ ቬስቶኒትሴ በተባለ መንደር አጠገብ የጥንት ሰዎችን ሰፈር የሚቆፍሩ ሠራተኞች ከአመድ ውስጥ ለሁለት የተሰበረ ሸክላ አገኙ። ሁለቱ ስባሪ ሲገጠሙ የአንዲት ሴት ምስል ሆኑ። ቁመቷ 11 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ዓይኖቿ ሁለት ጭረቶች ናቸው፤ ጡቶቿ ትላልቅ፣ ዳሌዋም ሰፊ ነው። ዕድሜዋ ከ25,000 ዓመት ይበልጣል። በእሳት ተተኩሰው እስከ ዛሬ ከቆዩት የሸክላ ሥራዎች መካከል ከቀደምቶቹ አንዷ ናት።

ሰው ማሰሮና እንስራ መሥራት የጀመረው ከዚያ ብዙ ሺህ ዓመታት ዘግይቶ ነው። በዚያው ሰፈር የድብና የአንበሳ ምስሎች፣ እንዲሁም በሺህ የሚቆጠሩ የተተኮሱ ስብርባሪዎች ተገኝተዋል። እንግዲህ አፈሩን ማቡካት፣ ቅርጽ መስጠትና የእሳቱን ልክ መለየት የዕለት አጋጣሚ ሳይሆን የተለመደ ዕውቀት ነበር ማለት ነው። በሴትየዋ ጀርባ ላይ ደግሞ ሸክላው ሳይተኮስ የታተመ የልጅ ጣት አሻራ አለ። ሠሪው ያ ልጅ ነው ለማለት አያስችልም፤ ሥራው በልጆች ፊት ይካሄድ እንደነበር ግን ይመሰክራል።

ይህችን ምስል በብርኖ ከተማ ያለው የሞራቪያ ሙዚየም እንደ ውድ ሀብት ይጠብቃታል። እኛም ስለ እርስዋ ስናነብ እንደነቃለን። ታዲያ ያው ጥበብ በአገራችን ሲሠራ ስለ ምን እንንቀዋለን?

በጎንደር አጠገብ በወለቃ የቤተ እስራኤል ሴቶች ከጀበናና ከማሰሮ ሌላ የሰውና የእንስሳ ምስል እየሠሩ ይተኩሱ ነበር። የጥበባቸው ዋጋ ግን ቡዳ መባል ሆነ። ከእነርሱ በገዛው ምጣድ እንጀራ የሚጋግር ቤት እነርሱን ከማዕዱ ያርቃቸው ነበር። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ብዙው የቤተ እስራኤል ሕዝብ ወደ እስራኤል ሲሄድ ባለሙያዎቹም አብረው ሄዱ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን በዐዋጅ ከልክለው ነበር፤ ከመቶ ዓመት በኋላም ስድቡ ከአንደበታችን ፈጽሞ አልወጣም።

ውድ ጓደኞቻችን፤ የተማረ ሰው ይህን ስድብ እየሰማ ዝም ቢል ከተሳዳቢው በምን ይሻላል? ከመካከላችን የእናቱ ሙያ ሲጠየቅ አንገቱን የሚደፋ ተማሪ ካለ፣ ነውሩ የእርሱ ሳይሆን የእኛ ነው። ስለዚህ ቃሉን ለቀልድ እንኳ ከመናገር እንቆጠብ። መምህራኖቻችንም የሸክላ ሠሪዎችን ዕውቀት፣ ባለሙያዎቹ እናቶች በሕይወት ሳሉ፣ ተማሪ ልከው እንዲያስመዘግቡ በአክብሮት እንጠይቃለን። የሞራቪያዋን ምስል የሠራው ሰው ስሙ ጠፍቷል፤ የእኛዎቹ ግን ዛሬም ስማቸውን ቢጠየቁ ይነግሩናል።