የአንድ አውራጃ ችግር የመላው መንግሥት ድካም ስለ መሆኑ

የአንድ መንግሥት ኃይል በምን ይመዘናል ተብሎ ቢጠየቅ፣ ብዙ ሰው የሠራዊቱን ብዛት፣ የመሣሪያውን ዓይነትና የዋና ከተማውን ሕንፃ ይቈጥራል። ይህም በዐይን የሚታይ ነገር ስለ ሆነ ሐሰት ነው አይባልም። ነገር ግን ሠራዊቱ የሚበላው እህል፣ ወደ ግምጃ ቤት የሚገባው ግብርና ቀረጥ፣ ከተማውም የሚጐርሰው ሁሉ ከየአውራጃው የሚመጣ ነውና፣ አንዱ አውራጃ በደከመ ጊዜ ድካሙ በዚያው ተወስኖ አይቀርም። ሐዋርያው ጳውሎስ ስለ አካልና ስለ ብልቶች ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈውን ለሚያውቅ ካህን ይህ አዲስ ነገር አይሆንበትም፤ ሹም ግን ምሳሌው ከማኅበረ ምእመናን አልፎ ለግምጃ ቤትና ለጦር ሰፈርም እንደሚሠራ አድርጎ ሊያነበው ይገባዋል። የኢትዮጵያም ታሪክ ለዚህ ነገር ጽኑ ምስክር ሆኖ ይገኛል።

የመጀመሪያው ምስክር ክፉ ቀን ተብሎ የሚጠራው ዘመን ነው። በ1880 ዓ.ም. ገደማ የኢጣልያ ጦር በምጽዋ በኩል ካስገባቸው ከብቶች ጋራ የመጣው፣ ሕዝቡ ደስታ እያለ የሚጠራው የከብት በሽታ በጥቂት ጊዜ ውስጥ የአገሩን ከብት አብዛኛውን ፈጀው። (ይህ በሽታ ከምድረ ዓለም ፈጽሞ መጥፋቱ የተነገረው በ2003 ዓ.ም. ነው።) በላዩም የዝናም መጥፋት፣ አንበጣና ተምች ተጨመረበት። ገበሬው መሬቱ በእጁ እያለ የሚጠምደው በሬ በማጣቱ ጦሙን አደረ። ዐፄ ምኒልክም ሕዝቡ በዶማ እየቈፈረ እንዲዘራ አዘዙ፤ ራሳቸውም ዶማ ጨብጠው ለመኳንንቱ ምሳሌ እንደ ሆኑ ይነገራል።

ይህ መከራ እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ ሲቈይ፣ ከሁሉ ይልቅ በመንግሥት ኃይል ላይ ጉዳቱ የታየው በሰሜን በኩል ነበር። ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ከወደቁ በኋላ፣ ኢጣልያ በዚያው ዓመት ከረንንና አስመራን ያዘች፤ በታኅሣሥ 1882 ዓ.ም. ደግሞ የያዘችውን አገር ኤርትራ ብላ የቅኝ ግዛቷ አደረገችው። በዚያ ዘመን ሠራዊት ስንቁን የሚያገኘው በአብዛኛው ከሚያልፍበትና ከሚሰፍርበት አገር ነበርና፣ ጐተራው ባዶ በሆነ አገር ላይ ብዙ ጦር ማቆም የማይቻል ነገር ነበረ። ስለዚህ የሐማሴን ደጋ የተያዘው የሚዋጋ ሰው ጠፍቶ ነው ከማለት ይልቅ፣ የሚዋጋውን ሰው የሚመግብ ገበሬ ጠፍቶ ነው ቢባል ወደ እውነቱ ይቀርባል።

የዓድዋ ድል ራሱ፣ ዘወትር በክብር የሚነሣ ሲሆን፣ ይህን ነገር የሚያስረዳ ሌላ ገጽ አለው። ከመላው ኢትዮጵያ የተሰበሰበው ወደ መቶ ሺህ የሚጠጋ ሠራዊት በትግራይ ምድር በሰፈረ ጊዜ፣ አገሩ ከክፉ ቀን ገና ያላገገመ ስለ ነበረ ስንቁ ወደ ማለቁ ደርሶ ነበር። ጄኔራል ባራቲዬሪም ይህን ያውቅ ነበርና፣ ጥይት ሳይተኰስ የኢትዮጵያ ሠራዊት በረኃብ ተበትኖ እስኪመለስ ይጠብቅ ነበር። ከሮም የመጣው ተግሣጽና የራሱ ስንቅ ማነስ አስቸኵለውት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ባይወጣ ኖሮ፣ የዚያ ቀን ነገር በምን ይፈጸም እንደ ነበረ መገመት ያስፈራል። ከድሉም በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ መረብን ተሻግረው ያልተከተሉበት ምክንያት ብዙ ሆኖ ሲተረክ፣ የስንቅ ማለቅ ከዋነኞቹ አንዱ ነው። ጀግንነቱ ሳይጐድል፣ የአንድ አውራጃ ጐተራ ባዶ መሆን የአንድ መንግሥት ድል የሚቆምበትን ወንዝ እስከ መወሰን ደረሰ።

ሁለተኛው ምስክር ቅርብ ነው፤ በዐይኑ ያየውም ሰው ገና በሕይወት አለ። በ1964 ዓ.ም. ክረምት በወሎ ጠቅላይ ግዛት ዝናሙ አነሰ፤ በ1965 ዓ.ም. ደግሞ በልጉ ቀረ። ከሁሉ ቀድሞ የተጐዳው በምሥራቁ ቈላ የሚኖረው ጭሰኛና ከዚያ ወዲያ ያለው የአፋር ከብት አርቢ ነበር። የሞተው ሰው ቍጥር በየጸሐፊው ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይገመታል። ያን ጊዜ በአዲስ አበባ ብዙ ሰው ያሰበው የአገሩ እህል አልቆ ነው ብሎ ነው። ሆኖም በዚያ ዓመት የመላው ኢትዮጵያ እህል ከወትሮው የቀነሰው በጥቂት ብቻ እንደ ነበረ፣ በደሴ ገበያም ዋጋው እንደ ረኃቡ ጽናት እንዳልናረ፣ ህንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ ገልጦ አስረድቶአል። ከዚያም በላይ ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ እየተጫነ የወጣ እህል ነበር።

ነገሩ ለሚሰማው ግራ ይመስላል፤ ምሥጢሩ ግን ቀላል ነው። እህል በገበያ የሚከተለው ገንዘብን ነው። የወሎ ጭሰኛ ከራሱ ማሳ ያልበላ እንደ ሆነ ለመግዛት የሚያወጣው አንዳች ነገር አልነበረውም፤ በሬውን ሲሸጥ ጎረቤቱም ያንኑ ቀን በሬውን ይሸጥ ነበርና ዋጋው ወደቀ፤ በሬውን ከሸጠ በኋላ ደግሞ ዝናም ቢመጣ እንኳ የሚያርስበት የለውም። በአፋር በኩል ያለው ነገር ይልቁንም የሚያሳዝን ነው። ከብት አርቢው በበጋ የሚያድርበት የአዋሽ ወንዝ ዳር ግጦሽ ለጥጥ እርሻ ተሰጥቶ ነበር። ጥጡ ለመንግሥት የውጭ ገንዘብ ማምጣቱ የማይካድ ሲሆን፣ ገቢው በመዝገብ በደንብ ተጽፎአል፤ ግጦሹን ያጣው የአፋር ግመልና ላም ማለቅ ግን በየትኛው ዓምድ እንደሚጻፍ ያሰበበት ሹም አልነበረም። ሒሳቡ ሳይዘጋ ቈይቶ የኋላ ኋላ የተዘጋው በሌላ መንገድ ነው።

የችግሩ ወሬ ወደ ላይ በሚወጣበት ጊዜ እያነሰ፣ ቃሉም እየለሰለሰ ሄደ፤ የመንግሥትን ስም ያጐድፋል ተብሎ ተሸሸገ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቴሌቪዥን የወሎን ረኃብ ለዓለም ባሳየ ጊዜ ግን የተሸሸገው ስም ከመጐደፍ አልዳነም። በዚያው ዓመት በጥር በነገሌ ቦረና የነበሩ ወታደሮች ስለ ምግብና ስለ ውሃ ተነሡ፤ በየካቲት የነዳጅ ዋጋ መናር የአዲስ አበባን ታክሲ ነጂዎች አስነሣ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ የወሎ ረኃብ ሥዕል በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወረዱ። ዘውዱን የጣለው ረኃቡ ብቻ ነው የሚል ታሪክ ዐዋቂ አይገኝም። ይሁን እንጂ ብዙ ዘመን የጸናው መንግሥት፣ ዘመናዊ የጦር ኃይልና ያማረ ዋና ከተማ እያለው፣ በፈተና ቀን የሚቆምለት ሰው ማጣቱ ከወሎ መንገድ ዳር ከወደቁት ሰዎች ጋራ የተያያዘ ነው። ሐምሌ 1969 ዓ.ም. የሶማልያ ጦር ወደ ኦጋዴን ሲገባ ያየው ኢትዮጵያ በዚህ ሁሉ መናወጥ መድከሟን ነው።

አንዳንድ ሰው፣ የመንግሥት ገንዘብ ውስን ነውና ቶሎ ትርፍ በሚሰጠው አገር ላይ ይዋል፣ ደካማው አውራጃ ከትርፉ ኋላ ይደርሰዋል ይላል። ሐሳቡ ከማስተዋል የራቀ አይደለም፤ ጐደሎው ግን ደካማው አውራጃ እስኪደርሰው ድረስ በሬውን ይዞ ይቈያል ብሎ ማሰቡ ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ሥራ ለተቸገረው ገበሬ እህል ወይም ገንዘብ በሥራ የሚሰጠው፣ ጥሪቱን ሳይሸጥ ክፉውን ወራት እንዲያልፍ ነበርና፣ ይህን ነገር በትክክል ያየ ሐሳብ ነው። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. የቈየው ጦርነት ደግሞ የወደቀው ከላይ በተነገሩት በእነዚያው አገሮች፣ በትግራይ፣ በወሎና በአፋር ላይ ነው። በሬው የታረደበትና ዘሩ የተዘረፈበት ገበሬ በራሱ ብርታት እስኪያገግም ይጠበቅ ማለት፣ የ1882ትን ጐተራ መልሶ መጠበቅ ይሆናል።

ለዚህም ምልክቱ ከሩቅ የሚፈለግ አይደለም። የገበያ ቀረጥ የሚቀበለው ሰው የእርሻ በሬ ያለ ወትሮው በዝቶ ለሽያጭ ሲቀርብ፣ ዋጋውም ከሳምንት ሳምንት ሲወርድ ያያል። የንስሐ አባት የልጆቹን ቤት ሲጐበኝ ዝክር የታጐለበትን፣ ከሰንበቴው የቀረውን፣ ልጁን ወደ ከተማ የሰደደውን ማን እንደ ሆነ ከማንም በፊት ያውቃል። ዮሴፍ በግብፅ ምድር የሰባቱን ጥጋብ ዓመታት አምስተኛ እጅ ያስቀመጠው ሕልም ተገልጦለት ሲሆን፣ ለወረዳ ሹም ግን ሕልም አያስፈልገውም፤ ቀራጩንና የደብሩን አለቃ በየወሩ ቢጠይቅ ይበቃዋል። የሰበሰበውም ቍጥር ሳይቀነስ፣ ቃሉም ሳይለሰልስ፣ የጻፈው ሰው ስለ መጻፉ ሳይወቀስበት በዚያው ሰሞን ከሚወስነው ባለሥልጣን ጠረጴዛ ላይ ቢደርስ፣ ርዳታው ገበሬው በሬውን ወደ ገበያ ከመንዳቱ በፊት ይደርስለታል።