100 ኪሎ ለተመረጡ ብቻ አይደለም

«ያለ ስቴሮይድ 100 ኪሎ ቤንች የሚገፋ ተራ ሰው የለም» የሚለውን ጽሑፍ አነበብኩት። ስህተት ነው፤ ያውም ጀማሪን ከጂም የሚያስወጣ ስህተት።

ዘንጉ ብቻውን 20 ኪሎ ነው። በየጎኑ ሁለት ሁለት ባለ 20 ብረት ሲገባበት 100 ይሞላል። ዛሬ 60 የሚገፋ ጤነኛ ወጣት በየወሩ 2.5 ኪሎ ቢጨምር በ16 ወር እዚያ ይደርሳል። ጭማሪው እንዲህ እኩል ስለማይመጣ ሦስት ዓመት በሉት። ሦስት ዓመት ግን «አይቻልም» ማለት አይደለም!

ለዓመታት 70 ላይ የቆሙ ብዙዎች መኖራቸው እውነት ነው። ምን እንደሚያደርጉ ግን ጸሐፊው አልጠየቀም። ሰኞ ደረት ሠርተው እስከ ቀጣዩ ሰኞ አይነኩትም። የገፉትን አይመዘግቡም። መቀመጫቸውን ከአግዳሚው አንስተው ብረቱን ደረታቸው ላይ ያነጥራሉ። 75 ኪሎ የሚመዝን ሠልጣኝ በቀን 120 ግራም ያህል ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ እነሱ የሚበሉት ግማሹን እንኳ አይሞላም። እንቅልፉንማ ተዉት።

55 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 100 ሩቅ ነው፤ አልክድም። ልዩ ተፈጥሮ የሚጠይቀው ግን ክብደት አንሺው ጁሊየስ ማዶክስ በ2021 እ.ኤ.አ. የገፋው 355 ኪሎ ነው። ጸሐፊው 100 የገፋውን ሁሉ በስቴሮይድ ከመጠርጠሩ በፊት የልምምድ ደብተሩን ይጠይቀው።