ነጻና በነጻ

«ሊኑክስን የሚጠቀም ሰው ለፕሮግራም ገንዘብ አይከፍልም» ሲባል እንሰማለን። ስሕተቱ «ነጻ»ንና «በነጻ»ን ከማደባለቅ የመጣ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2010 ሀምብል ኢንዲ ባንድል የተባለው የኮምፒዩተር ጨዋታዎች ጥቅል፣ ዋጋውን ገዢው ራሱ እንዲቆርጥ ተደርጎ ሲሸጥ፣ በአማካይ ከሁሉ አብልጠው የከፈሉት የሊኑክስ ተጠቃሚዎች ነበሩ። በ2019ም አይ.ቢ.ኤም. ሬድ ሃትን በ34 ቢሊዮን ዶላር ገዝቷል፤ ይህ ኩባንያ የከበረው ድርጅቶች ለሊኑክስ ድጋፍ በሚከፍሉት ገንዘብ ነው። እንግዲህ ሰው የሚከፍለው ስለተገደደ ብቻ አይደለም፤ ሥራውን ሲያከብርም ይከፍላል። የሚያሳፍረውስ የእኛ ነገር ነው፤ ያለ ፈቃድ የተቀዳ ዊንዶውስ በፍላሽ እየተቀባበልን የሊኑክስን ሰው «ንፉግ» እንላለን። ወንድሞችና እኅቶች፣ ነጻውን እንምረጥ፤ ለሠሪዎቹም፣ ጥቂትም ብትሆን፣ የአቅማችንን እንክፈል።