የዕቁብ ገንዘብና የጨዋታ ኮምፒዩተር

በዚህ ሳምንት ከደባርቅ አንድ ደብዳቤ ደርሶኛል። ጸሐፊው በወረዳ መሥሪያ ቤት ሥራ ከጀመሩ ሁለት ዓመት ያልሞላቸው ወጣት ናቸው። የዕቁብ ዕጣ ወጥቶላቸው በዚያው ገንዘብ ከታናሽ ወንድማቸው ጋር ሆነው፣ ክፍሎቹን አንድ በአንድ ገዝተው፣ በቤታቸው የጨዋታ ኮምፒዩተር ሊገጣጥሙ አስበዋል። ወንድማቸው በደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስለ ሆነ ቀን ለትምህርቱ፣ ማታ ለጨዋታው ይውላል ባይ ናቸው። ሊገዙ ያሰቡትን ዕቃ ዘርዝረው «ይህ ይበጃል ወይ?» ሲሉ ጠይቀውኛል። ዕጣው ቢወጣላቸውም የቀረውን የዕቁብ ክፍያ ገና ስለሚከፍሉ፣ ተሳስተው ሁለተኛ የሚገዙበት ገንዘብ እንደሌላቸውም ሳይሸሽጉ ጽፈውልኛል።

ዝርዝራቸውን ደጋግሜ አነበብሁት። ከሁሉ የበለጠው ገንዘብ የተመደበው ለግራፊክስ ካርድ ነው፤ ይኸውም ያገለገለ ሬዲዮን አርኤክስ 580 ነው። ቀጥሎ በመስታወት የተለበጠና ባለ ቀለም መብራት የሚያበራ ሣጥን አለ። ከዚያ ፕሮሰሰር፣ አንድ ባለ 8 ጊጋባይት ራምና ሃርድ ዲስክ ይከተላሉ። ከሁሉ በታች «በተረፈው ገንዘብ ርካሽ ፓወር ሰፕላይ» ተብሎ ተጽፏል።

ወንድሜ፣ እንዲህ ያለውን ዝርዝር በዓለም ላይ ያሉ ወጣቶች ሁሉ ይጽፉታል፤ እርስዎ ብቻ አይደሉም። ዳሩ ግን የተጻፈው ለደባርቅ ሳይሆን መብራት ለማይጠፋበት ለአንድ የባሕር ጠረፍ ከተማ ይመስላል። እኔ ብሆን ወረቀቱን ዘቅዝቄ ከታች ወደ ላይ እገዛ ነበር።

ምክንያቱን ልንገርዎ። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ ዳባትም ከ2,600 ሜትር አታንስም። በደባርቅ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር ጋር ሲመዛዘን ከሩብ በላይ የሳሳ ነው። የደባርቅ እናቶች ይህን ያለ ፊዚክስ መጽሐፍ ያውቁታል፤ ውሃው 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ባቄላው ቶሎ አይበስልላቸውም። ኮምፒዩተርም የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። ማራገቢያው እንደ ሌላው አገር በዚያው ፍጥነት ቢዞር እንኳ የሚገፋው አየር የሳሳ ስለ ሆነ ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። ደግነቱ የሰሜን ተራሮች ብርድ ራሱ ካሣ ይከፍላል፤ በደባርቅ ማታ ጋቢ ሳይደርቡ የሚቀመጡበት ቤት ስንት ነው? ስለዚህ በውሃ ለሚሠራ ውድ ማቀዝቀዣ ገንዘብ አያውጡ። ይልቅስ ፊቱ በቀዳዳ የተሞላ ተራ የቆርቆሮ ሣጥን ከሁለት ማራገቢያ ጋር ይግዙ። ባለ መስታወቱ ሣጥን አየር ያፍናል፤ መብራቱም ለጨዋታው የሚጨምረው ፍጥነት የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ማለት ወደ ፓወር ሰፕላዩ እንምጣ። ይህ ከግድግዳው የሚመጣውን 220 ቮልት ተቀብሎ 12 ቮልትና ከዚያም ያነሰ አድርጎ ለሌሎቹ ክፍሎች የሚያድል ሣጥን ነው። እርሱ ሲበላሽ ብቻውን የሚሞት ቢሆን ግድ ባልነበረኝ፤ ርካሹ ግን ሲሞት ማዘርቦርዱንና ካርዱን ይዞ ሊሄድ ይችላል። ቻይና ለገበያዋ በምትሠራቸው በብዙዎቹ ላይ የተራራ ሥዕልና 2000 ሜትር የሚል ምልክት ያገኛሉ። ትርጉሙ ዕቃው ከዚህ ከፍታ በታች እንዲሠራበት ታስቧል ማለት ነው። አየር ራሱ በሁለት ሽቦዎች መካከል እንደ ግድግዳ ሆኖ ኤሌክትሪኩ እንዳይዘል ይከላከላልና ሲሳሳ መከላከያነቱ ይደክማል። ይህን ስል ላስፈራራዎ አይደለም፤ አዲስ አበባም ከ2,300 ሜትር በላይ ሆና ሳለ ስፍር ቁጥር የሌለው ኮምፒዩተር ይሠራባታል። ነገር ግን 5000 ሜትር የሚል ምልክት ያለው ቢያገኙ እርሱን ይምረጡ። ባያገኙም ሠሪው የታወቀና 80 ፕላስ የሚል ማረጋገጫ ያለው ይሁን። ጉልበቱም ከሚያስፈልግዎ እጥፍ ያህል ቢሆን፣ ማለት 450 ወይም 550 ዋት ቢሆን፣ ሳይጨነቅ ይሠራል።

አንድ ነገር ልጨምር። ከአሜሪካ የመጡ ያገለገሉ ፓወር ሰፕላዮች አንዳንዶቹ በስተጀርባቸው 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማብሪያ አላቸው። እኔ በጀማሪነቴ ይህን ሳላይ 115 ላይ እንደ ቆመ ሰክቼው፣ ቤቱ በአንድ ጊዜ በጭስ ተሞልቶ ጎረቤት ሁሉ «ምን ተቃጠለ?» እያለ መጥቶብኛል። እርስዎ ሳይሰኩ በፊት ዕቃውን ዘወር አድርገው ይዩ።

ከፓወር ሰፕላዩ ቀጥሎ የሚገዛው ዩፒኤስ ነው። እንደ ቅንጦት አይቁጠሩት። ባለ 650 ቪኤው መብራት ሲሄድ ጨዋታውንና የወንድምዎን የትምህርት ሥራ አስቀምጦ ለመዝጋት የሚበቃ ጥቂት ደቂቃ ይሰጣል፤ ከዚያ በላይ አይጠብቁበት። ክፉው ሰዓት ግን መብራት የሚሄድበት ሳይሆን የሚመለስበት ነው፤ ቮልቱ ከፍና ዝቅ እያለ ይመጣልና መብራቱ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ ሳይጠብቁ አያብሩ።

ሃርድ ዲስኩን ጨርሶ ይሰርዙት። በውስጡ የሚዞር ሳሕን አለ፤ ማንበቢያው ሳሕኑን ሳይነካ በጣም ቀጭን በሆነ የአየር ትራስ ላይ ይንሳፈፋል። አየሩ ሲሳሳ ትራሱም ይሳሳል። ስለዚህ ነው ፋብሪካዎቹ ለተለመደው ሃርድ ዲስክ 3,048 ሜትርን የከፍታ ወሰን ያደረጉት። ደባርቅ ከወሰኑ በታች የቀራት 200 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ፓርኩ ውስጥ ያለው ሳንቃበር ግን በ3,250 ሜትር ከወሰኑ አልፏል። ኤስኤስዲ የሚዞር ነገር ስለሌለው ይህ አያሳስበውም፤ የአውቶቡስ መንገጫገጭም አይጎዳውም። 500 ጊጋባይት ለመጀመሪያ ይበቃል።

አሁን ስለ ግራፊክስ ካርዱ እናውራ፤ እዚህ ላይ ሳይቆጡኝ አይቀሩም። አርኤክስ 580 ብቻውን 185 ዋት የሚበላና ያን ሁሉ ሙቀት በሳሳ አየር የሚተፋ ካርድ ነው። በስንት እጅ እንዳለፈም አይታወቅም። እኔ የምመክርዎ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣውን ራይዘን 5 5600ጂ የተባለውን ፕሮሰሰር ነው። ስድስት ኮር አለው፤ የተመደበለት ኀይል 65 ዋት ነው፤ ከሁሉም በላይ ግራፊክሱ በራሱ ውስጥ ስለ ሆነ ለጊዜው ሌላ ካርድ አይፈልግም። በፕሌይስቴሽን ቤት የለመዱትን የእግር ኳስ ጨዋታና ጂቲኤ 5ን የሥዕሉን ጥራት ዝቅ አድርጎ በደኅና ያጫውታል። አዲስ የወጡትን ታላላቅ ጨዋታዎች ግን አይችላቸውም፤ ይህን አስቀድመው ይወቁት።

እንዲህ ያለው ፕሮሰሰር የሥዕሉን ሥራ የሚሠራው በራሙ ነው። ስለሆነም አንድ ባለ 16 ጊጋባይት ከመግዛት ሁለት ባለ 8 መግዛት ይበልጣል፤ በሁለት በር ስለሚገባና ስለሚወጣ ጨዋታው በግልጽ ይፈጥናል። የራም ዋጋ ከ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት አንሥቶ በዓለም ገበያ ክፉኛ ወጥቷል፤ ፋብሪካዎቹ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ማእከሎች ወደ ማምረት አዘንብለዋልና። ለሁለቱ ባይበቃዎ አንዱን ገዝተው፣ ሁለተኛውን ያንኑ ዓይነት በኋላ ይጨምሩ። ለካርድም ሌላ ዕቁብ ሲወጣ ያስቡበታል። ያን ጊዜ ጂቲኤክስ 1650ን ይፈልጉ፤ 75 ዋት ስለ ሆነ ብዙዎቹ የተለየ የኀይል ገመድ አይጠይቁም። አርኤክስ 6400 የሚሉትን ግን ለዚህ ፕሮሰሰር አይግዙ፤ ካርዱ የተሠራው ለአዲሱ ዓይነት መስመር ስለ ሆነ በአሮጌው ላይ ፍጥነቱ ይቀንሳል።

«ከዱባይ የመጣ ያገለገለ የቢሮ ኮምፒዩተር ገዝቼ ካርድ ብሰካበትስ?» ብለው ላሰቡ ሌሎች አንባቢዎቼ፣ መንገዱ የሚያዋጣ ነው፤ ርካሽም ነው። ነገር ግን ቀጭኑ ዓይነት አጭር ካርድ ብቻ ነው የሚቀበለው፤ ፓወር ሰፕላዩም ሲበላሽ ምትኩ እንደ ልብ አይገኝም። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃም፣ የኢንቴል ከሆነ ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ ያለውን ይምረጡ፤ ከዚያ በፊት ያለውን ዊንዶውስ 11 በይፋ አይቀበለውም።

ዋጋ በብር ያልጻፍሁት በስንፍና አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አልፎ ነበር፤ ዛሬ የምጽፈው ዋጋ መጽሔቱ ደባርቅ እስኪደርስ ሊያረጅ ይችላል። ይልቅስ ገንዘብዎን ከመቶ ይካፈሉት፤ ለፕሮሰሰርና ለማዘርቦርድ 40፣ ለራምና ለኤስኤስዲ 30፣ ለፓወር ሰፕላይና ለዩፒኤስ 25 ያውሉት። የቀረው 5 ለሣጥኑ ነው። ስክሪኑን ለጊዜው ከዘመድ ይዋሱ።

ሲገዙ ሁሉንም ከአንድ ሱቅ ቢገዙ ይሻላል። ከአዲስ አበባ ደባርቅ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አንድ ራም አልሠራ ቢል ለመመለስ የሚወጣው ገንዘብ ከራሙ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ሻጩ ፊት ለፊትዎ ሰክቶ፣ አብርቶ፣ ስክሪኑ ላይ 16 ጊጋባይት የሚል ጽሑፍ ሳያዩ ገንዘብ አይቁጠሩ። ደረሰኝም ይቀበሉ። እዚያው ሳሉ ዊንዶውሱን፣ ድራይቨሮቹንና ጨዋታዎቹን በፍላሽ ያስጭኑ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ወደ አንድ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነበር፤ ያለ መስመር የማይከፈት ጨዋታ እንዲህ ባለ ጊዜ ባዶ ሣጥን ነው።

ለመገጣጠም ሲቀመጡ የሱፍ ሹራብዎንና በርኖስዎን ያውልቁ። በበጋው ደረቅ ብርድ ሱፍ ከሰውነት ጋር ሲተሻሽ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል፤ ለእጅ የማይታወቅ ብልጭታ ለራም ሞት ሊሆን ይችላል። የብዙ ቤት ሶኬት ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ግራውንድ የሚሉት ሽቦ የለውምና በእርሱ አይተማመኑ፤ አንዱን ክፍል ከማንሣትዎ በፊት ሁልጊዜ ቀለም ያልተቀባውን የሣጥኑን ብረት ይንኩ። ዕቃው ከውጭ ብርድ ወደ ሞቀ ቤት ሲገባ ጤዛ ስለሚይዝ፣ አውቶቡሱ ማታ ካደረሰዎ እስከ ነገ ጠዋት ሳይሰኩ ያሳድሩት። ወንድምዎ ይህን የሚታገሥ አይመስለኝም፤ የኀይል ገመዱን ደብቀው ይተኙ።