ለኤምባሲ መድን፣ ለአገር ቤት መንገድ ‹‹እግዜር ያውቃል››

በቅርቡ ለአንድ ጉዳይ አርባ ምንጭ ሄጄ ነበር፡፡ ከኩልፎ ወንዝ ብዙም በማትርቅ አንዲት ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ሳለ፣ ከጎኔ የነበረ ወጣት የላስቲክ ማኅደሩን ከፍቶ ወረቀቶቹን ያገላብጣል፡፡ ወሬ ስንጀምር ለአጭር ሥልጠና ወደ አውሮፓ ሊሄድ መሆኑን፣ ለቪዛ ቀጠሮውም በነጋታው ሌሊት ወደ አዲስ አበባ እንደሚሳፈር አጫወተኝ፡፡ ከወረቀቶቹ አንዱ የጉዞ ኢንሹራንስ ነበር፤ ሽፋኑ 30 ሺሕ ዩሮ ነው፡፡

‹‹ለአሥር ቀን የአውሮፓ ቆይታህ ይህን ገዝተሃል፤ ለነገው መንገድስ?›› አልኩት፡፡

ወጣቱ ሳቀ፡፡ ‹‹ለሶዶ መንገድ ደግሞ ምን ኢንሹራንስ አለ ጋሼ? እሱን እግዜር ያውቃል›› አለኝ፡፡ ሻይ የሚያፈሉት እናት ንግግራችንን ሰምተው ኖሮ ‹‹ኧረ አታሟርቱ! መንገደኛ ፊት እንዲህ ያለ ነገር አይነሳም›› ብለው ተቆጡን፡፡ እኛም ዝም አልን፡፡

ነገሩ ግን ከውስጤ አልወጣም፡፡ ወጣቱ የጉዞ መድን ምን እንደሆነ ያውቃል፡፡ የገዛው ግን ኤምባሲው ስላዘዘው እንጂ ጉዞ አደጋ አለው ብሎ አይደለም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት የቪዛ ሕግ ወደ ሸንገን አገሮች ለአጭር ጊዜ የሚገባ ሰው ቢያንስ የ30 ሺሕ ዩሮ መድን እንዲይዝ ያስገድዳል፡፡ መድኑ ድንገተኛ ሕክምናን፣ ታማሚን ወደ አገሩ መመለስንና ሞትን መሸፈን አለበት፡፡ ፈረንጆቹ ይህን የሚጠይቁት ለእኛ አዝነው ብቻ አይመስለኝም፡፡ ሆስፒታላቸው ከፋይ የሌለው ሒሳብ ታቅፎ እንዳይቀር ነው፡፡ እኛ ደግሞ ወረቀቱን እንደ አንድ የቪዛ ማሟያ ቆጥረነው፣ ከኤምባሲው በር ስንወጣ እንረሳዋለን፡፡

እውነቱን እንነጋገር ካልን፣ ያ ወጣት ይበልጥ አደጋ ላይ የሚወድቀው በአውሮፓ ባቡር ውስጥ ነው ወይስ ከአርባ ምንጭ አዲስ አበባ ባለው ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ላይ? በዚያ መንገድ የሄደ ሁሉ መልሱን ያውቀዋል፡፡ ሙዝ ጭኖ ገበያ ለመድረስ የሚበረው አይሱዙ፣ አስፋልቱን የሚያቋርጠው የከብት መንጋ፣ ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ ዓይኑ የሚከደን ሾፌር ለማንም እንግዳ አይደሉም፡፡ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በጎረቤት ሲዳማ ክልል፣ ቦና ዙሪያ ወረዳ፣ ሰርገኞችን የጫነ የጭነት መኪና ወንዝ ውስጥ ገብቶ ከ60 በላይ ሰዎች አልቀዋል፡፡ ከሟቾቹ ቤተሰቦች ስንቱ በእጁ የመድን ውል ነበረው? ጥያቄውን ያነሳሁት ሟች ለመውቀስ ሳይሆን፣ ከለቅሶው በኋላ ልጅ ማሳደግ የሚባል ነገር ስላለ ነው፡፡

‹‹ሕግ የለም እንዴ? መኪናው መድን የለውም እንዴ?›› የሚል አንባቢ ይኖራል፡፡ አለ፡፡ የሕግ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው እንደመሆኔ ይህን ላስረዳ፡፡

መጀመሪያ የንግድ ሕጉን እንመልከት፡፡ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አንቀጽ 597 የመንገደኛ አጓጓዥ ለአንድ ተሳፋሪ ጉዳት የሚኖርበትን ኃላፊነት በ40 ሺሕ የኢትዮጵያ ብር ይገድባል፡፡ በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ቢወጣም፣ የማጓጓዣና የኢንሹራንስ ክፍሉ የቀድሞው እንደሆነ ቀጥሏል፡፡ ሕጉ ሲወጣ አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2 ብር ከ50 ሳንቲም ገደማ ይመነዘር ስለነበር 40 ሺሕ ብር 16 ሺሕ ዶላር ያህል፣ ማለትም ትልቅ ሀብት ነበር፡፡ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ገበያው ከተለቀቀ ወዲህ ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆኗል፡፡ ስለዚህ ያው 40 ሺሕ ብር ዛሬ 400 ዶላር እንኳ አይሞላም፡፡ ከዚህ ጣራ በላይ ለማግኘት አጓጓዡ ሆን ብሎ ወይም ጉዳት እንደሚደርስ እያወቀ ያጠፋ መሆኑን ማስረዳት ያስፈልጋል፡፡ ይህን በፍርድ ቤት ለማስረዳት ምን ያህል ቀጠሮ እንደሚያስፈልግ የተከሰሰም የከሰሰም ያውቃል፡፡

ሁለተኛው የተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ነው፡፡ በመጀመሪያ በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ግዴታ ሆነ፤ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 799 ተተካ፡፡ የሚያስመሰግን ሕግ ነው፡፡ ገጭቶ ባመለጠ ወይም መድን በሌለው መኪና ለተጎዳ ሰው ሳይቀር የመድን ፈንድ አቋቁሟል፡፡ ነገር ግን የ2005ቱ አዋጅ ሲወጣ ለአንድ ሰው ሞት የተቀመጠው ካሣ ከ5 ሺሕ እስከ 40 ሺሕ ብር ነበር፡፡ ለንብረት ጉዳት ደግሞ እስከ 100 ሺሕ ብር፡፡ መኪናው አጥር ቢያፈርስ ሰው ቢገድል ከሚከፈለው በላይ ሊከፈል ይችል ነበር ማለት ነው፡፡ የሚገርመው ሌላ ነገር፣ በ1952 እና በ2005 ዓ.ም. መካከል 53 ዓመት አልፎ የሰው ዋጋ እዚያው 40 ሺሕ ላይ መገኘቱ ነው፡፡

እንዲህ ያሉ ጣራዎች በየጊዜው ከፍ ቢደረጉ እንኳ የኑሮ ውድነት ቀድሟቸው ይሄዳል፡፡ ከዚህም በላይ የሚከፍሉት ከብዙ ማስረጃና ምልልስ በኋላ ነው፡፡ የተሰበረ እግር ግን ቀጠሮ አይጠብቅም፡፡

የራስ መድን ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፡፡ የእኛው ኢንሹራንስ ኩባንያዎች የግል አደጋ መድን የሚባል ውል ይሸጣሉ፡፡ በንግድ ሕጋችን የሰው መድን ከንብረት መድን የተለየ ነው፡፡ የቤት ወይም የመኪና መድን የሚከፍለው የደረሰውን ጉዳት ያህል ብቻ ነው፡፡ የሰው ሕይወትና አካል ግን ዋጋ ስለማይወጣለት፣ መድን ሰጪው በሞት ጊዜ አስቀድሞ የተስማሙበትን ገንዘብ ይከፍላል፡፡ ጥፋቱ የሾፌሩ ይሁን የከብት ጠባቂው መጣራት አያስፈልገውም፡፡ ከዚህ ውል የተከፈለው ገንዘብም ቤተሰቡ በአጓጓዡ ላይ ያለውን መብት አያስቀርም፡፡

‹‹እድር አለኝ›› የሚለውን መልስም ደጋግሜ ሰምቻለሁ፡፡ እድር ትልቅ ነገር ነው፤ ድንኳን ይተክላል፣ ያስተዛዝናል፡፡ ነገር ግን እድር የሚመጣው ከሞትን በኋላ ነው፡፡ በሕይወት ተርፎ አልጋ ላይ ለቀረ ሰው የስድስት ወር አስቤዛ የሚችል እድር ብዙ አላየሁም፡፡ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም ቢሆን የሚሠራው ውል በተገባባቸው የጤና ተቋማትና በሪፈር ቅደም ተከተሉ ነው፡፡ የጨንቻ ገበሬ አዋሳ መንገድ ላይ ሲጎዳ ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ዘመድና ወደ አራጣ አበዳሪ ነው፡፡

በጫሞ ሐይቅ ላይ የሚታየውን ደግሞ አስቡት፡፡ የአዞ ገበያውን ለማየት በአንዲት ጀልባ የውጭ አገር ጎብኚ፣ አስጎብኚና ጀልባ ነጂ አብረው ይሳፈራሉ፡፡ ጎብኚው ክፉ ቢገጥመው የሚደውልበት የመድን ስልክ ቁጥር በኪሱ ይዞ ይሆናል፡፡ በየቀኑ በዚያ ውኃ ላይ የሚመላለሱት አስጎብኚውና ነጂውስ ወደ ማን ይደውላሉ?

መድን ሁሉ መልካም ነው እያልኩ አይደለም፡፡ ሲሸጡ ፈጥነው ሲከፍሉ የሚያዘግሙ ኩባንያዎች አሉ፤ እኔም ቀምሼዋለሁ፡፡ ስለዚህ ውሉን ከመፈረማችን በፊት የማይሸፍነውን ዝርዝር እናንብብ፡፡ ለውጭ አገር ጉዞ የተሸጠ መድን በአብዛኛው የአገር ውስጥ መንገድን አይሸፍንም፡፡ ያለብንን በሽታ ደብቀን አንፈርም፤ መደበቁ በካሣ ጊዜ መከራከሪያ ይሆንብናል፡፡ አደጋ ሲደርስ ሳይውል ሳያድር እናሳውቅ፤ የሐኪምና የትራፊክ ፖሊስ ማስረጃ እንያዝ፡፡ ከመድን ውል የሚነሳ ጥያቄ በሁለት ዓመት ይርጋ እንደሚታገድም አንርሳ፡፡ ከሁሉም በላይ ግን ውሉ መኖሩን ለቤተሰብ እንንገር፡፡ ሟች ብቻ የሚያውቀው ውል ለማንም አይጠቅምም፡፡

ይህ ሁሉ ግን አቅም ላለው ሰው ነው፡፡ ለትኬት ተበድሮ ለሚሳፈረው ‹‹ሂድና መድን ግዛ›› ማለት ፌዝ ይሆናል፡፡ ለእሱ መፍትሔው ከትኬቱ ጋር የሚመጣ መድን ነው፡፡ ህንድ እ.ኤ.አ. በ2016 በኢንተርኔት ትኬት ለሚቆርጡ የባቡር ተሳፋሪዎች፣ ከአንድ ሩፒ ባነሰ ክፍያ በሞት ጊዜ እስከ 1 ሚሊዮን ሩፒ የሚከፍል የጉዞ መድን ጀምራለች፡፡ ብዙ ሚሊዮን ሰው ጥቂት ጥቂት ሲያዋጣ ይህን ማድረግ ይቻላል፡፡ የእድር ሐሳብ እኮ ይኸው ነው፤ ለእኛ እንግዳ አይደለም፡፡ በየመናኸሪያው በሚቆረጥ ትኬት ላይ ጥቂት ብር ተጨምሮ ተሳፋሪው በስሙ መድን ቢገባለት፣ የትራንስፖርት ባለሥልጣናትና መድን ሰጪዎች ከተስማሙ የሚከብድ ሥራ አይመስለኝም፡፡ ሕግ አውጪውም የአንቀጽ 597ን 40 ሺሕ ብር እንደገና ያየው ዘንድ ይገባል፡፡

አርባ ምንጮች ዓባያንና ጫሞን የሚለየውን መሬት ‹‹የእግዚአብሔር ድልድይ›› ይሉታል፡፡ ድልድዩን እግዚአብሔር ሠርቶልናል፤ አያያዛችንን ግን ለእኛ ትቶታል፡፡ ሻይ የሚያፈሉት እናት እንዳሉት ሟርት ከሆነብኝ ይቅርታ እጠይቃለሁ፡፡ አባቶች ‹‹ሳይቃጠል በቅጠል›› ሲሉ ግን ማሟረታቸው አልነበረም፡፡

መልካም መንገድ!