የተማረ ሰው ዋጋ አይከራከርምን?

በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ወር ከእናቴ ወንድም ጋር አንድ አዲስ ካሚዮን ልንገዛ ወደ አንድ የመኪና መሸጫ ቤት ሄደን ነበር። «ልንገዛ» ማለቴ ለራሴ ክብር ስሰጥ ነው እንጂ ገንዘቡ የአጎቴ ነው፤ እኔ የሄድሁት ከቤተ ሰቡ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ የጨረስሁ ልጅ በመሆኔ የውሉን ቃል አንብቤ እንዳስረዳቸው ነው። በዚያ ቀን ያደረግሁት ነገር እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። እኩዮቼ የሆናችሁ ተማሪዎችና አዳዲስ የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች በዚያው መንገድ ላይ እንዳላችሁ ስለማውቅ ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ።

አጎቴ የእህል ነጋዴ ናቸው። ከጎጃም ጤፍ እየገዙ አዲስ አበባ እህል በረንዳ ማራገፍ ከጀመሩ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ይህን ሁሉ ዘመን ግን የጫኑት በሰው ካሚዮን ነው። የኪራዩ ነገር ስለ መረራቸው ያጠራቀሙትን አውጥተው፣ የጎደለውን ደግሞ መኖሪያ ቤታቸውን አስይዘው ከባንክ ሊበደሩ ቈርጠው ተነሡ። በገበያ ውስጥ ያያቸው ሰው ምን ዓይነት ተከራካሪ መሆናቸውን ያውቃል። አንድ ኩንታል ጤፍ ለመግዛት እጃቸውን እስከ ክርናቸው ወደ ማዳበሪያው ሰድደው ከሥር ይዘግናሉ፤ ያሹታል፤ እፍ ይሉበታል፤ ዋጋ ይጠይቃሉ፤ ይሥቃሉ፤ ጥለው ይሄዳሉ፤ ይመለሳሉ። ለፋሲካ በግ ሲገዙ ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ አስቁመውኛል።

እኒህ ሰው ከመስታወቱ በር ሲገቡ ሌላ ሰው ሆኑ። ወለሉ ያበራል። ካሚዮኑ ታጥቦና ተወልውሎ ቆሟል። ከረባት ያሠረ፣ በዕድሜ እኔን የሚያህል ሻጭ «እንኳን ደኅና መጡ አባቴ» ብሎ ወንበር ሳበላቸው፤ ሻይም መጣ። ከዚያ በኋላ ማኅተም ያረፈበት የዋጋ ማቅረቢያ፣ በተለምዶ ፕሮፎርማ የምንለው ወረቀት፣ ከፊታቸው ተቀመጠ። አጎቴ ቍጥሩን አዩና ጉሮሯቸውን ጠርገው «ልጄ፣ የመጨረሻው...» ብለው ሲጀምሩ፣ እኔ ክንዳቸውን ነካ አድርጌ «ጋሼ፣ እዚህ ቤት እንኳ ዋጋ አይከራከሩም፤ የተጻፈ ነው» አልኋቸው። ሻጩ ፈገግ አለ። ያን ፈገግታ ያን ጊዜ የአክብሮት መስሎኝ ነበር።

አጎቴ ዝም አሉ። እስክሪብቶውን ተቀብለው ጥቂት ካሰቡ በኋላ «መነጽሬን ረስቼ መጥቻለሁ፤ ሳላነብ አልፈርምም፤ ነገ እንመለሳለን» ብለው ተነሡ። እኔ በመንገድ ላይ ሳለን እንኳ ነገሩ አልገባኝም ነበር።

እንግዲህ ይህ «እዚህ ቤት ዋጋ አይከራከሩም» የሚለው ቃል ከየት ወደ አፌ መጣ? ሳስበው ከዕውቀት የመጣ አይደለም። ከመስታወቱና ከከረባቱ የመጣ ነው። እኛ ፊደል የቈጠርን ሰዎች በጉልት ተቀምጣ ቲማቲም ከምትሸጥ እናት ላይ አምስት ብር ለማስቀነስ አናፍርም፤ በሚሊዮን የሚቈጠር ብር በሚጠየቅበት ቤት ግን አንገታችንን ደፍተን እንፈርማለን። የሚያሳፍረው የትኛው እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረድ።

ቍርጥ ዋጋ መልካም ነገር አይደለም ለማለት አልፈልግም። ለሁሉም ሰው አንድ ከሆነ ጊዜ ያድናል፤ ዓይን አፋሩንም ከአንደበተ ርቱዑ እኩል ያደርጋል። ችግሩ በመኪና መሸጫ ቤት የተጻፈው ዋጋ ብዙ ጊዜ የክርክሩ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አለመሆኑ ነው። የመስታወቱን ቤት ወግ የተማርንባት አሜሪካ ራሷ ምስክር ናት። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ1958 ዓ.ም. የኦክላሆማው ሴናተር ማይክ ሞንሮኒ ያመነጩት ሕግ ወጣ። ከዚያ በፊት ገዢው የመኪናውን መነሻ ዋጋ በእርግጥ የሚያውቅበት መንገድ ስላልነበረው፣ አንዳንዱ ሻጭ መጀመሪያ እንደ ፈቀደ ይጨምርና ከዚያ ላይ ጥቂት ቀንሶ «ለእርስዎ ስል ነው» ይል ነበር። ሕጉ ፋብሪካው የመከረው ዋጋ፣ የተጨመረው ዕቃ ሁሉ ዋጋና የማጓጓዣው ሒሳብ ተዘርዝሮ በመኪናው መስኮት ላይ እንዲለጠፍ አዘዘ። «የመከረው» የሚለውን ቃል ልብ በሉ። ሻጩ ከዚያ በታች ቢሸጥ፣ ከዚያ በላይም ቢጠይቅ የሚያግደው የለም፤ ወረቀቱ የተለጠፈው ገዢው ዐውቆ እንዲከራከር ነው። ደግሞም ሕጉ የሚናገረው ስለ ቤት አውቶሞቢል በመሆኑ ካሚዮን በግዴታው ውስጥ አልገባም።

በእኛም አገር በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 813 ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ በግልጽ እንዲያመለክት አዝዞ፣ ሸማች ዕቃ ስለ ተመለከተ ወይም ዋጋ ስለ ተደራደረ ብቻ ለመግዛት እንደማይገደድ ደነገገ። መከራከርን ሕግ አውጪው ራሱ በስም ጠርቶ መብት ካደረገው፣ እኔ በዚያ ሻይ ፊት የደነገግሁት «አይከራከሩም» የሚል አዋጅ ከየት ተገኘ? እርግጥ ይህም ሕግ በመጀመሪያ ያሰበው ለራሱና ለቤቱ የሚሸምተውን ሰው ነው። ለንግድ ሥራ ካሚዮን የሚገዛ ሰው እዚያም እዚህም ከሕግ ጥላ ዳር ላይ ስለሚቆም፣ ጠባቂው የራሱ ጥያቄ ነው።

አጎቴ በማግሥቱ እኔን ሳይጠሩ ተመለሱ። ይዘዋቸው የሄዱት ዕድሜያቸውን በካሚዮን ጋቢና ውስጥ የጨረሱ አንድ ሽማግሌ ሹፌር ነበሩ። የሆነውን ያጫወቱኝ እኒሁ ሹፌር ናቸው።

ሹፌሩ ወደ ወንበሩም ወደ ሻዩም አልሄዱም። ካሚዮኑን ዞረው ዞረው ከጎማው አጠገብ ቍጢጥ አሉ። በጎማ ጎን ላይ ከሚታተመው ጽሑፍ መካከል አራት አኃዝ ያለው ቍጥር አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጎማው የተሠራበትን ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ያሳያሉ። የተነበበው 1923 ነበር። ይህም እ.ኤ.አ. የ2023 ዓ.ም. አሥራ ዘጠነኛው ሳምንት ማለት ነው። አዲስ የተባለው ካሚዮን ጎማ ከተሠራ ዓመት ተኩል ሆኖታል። ጎማ ስለ ጎማ ብቻ ስለሚመሰክር፣ አጎቴ የጉምሩኩን ዲክላራሲዮን ለማየት ጠየቁ። ሻጩ ጥቂት አመነታ፤ በኋላ ግን አመጣው። ካሚዮኑ አገር የገባው ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት ሆኖ ተገኘ።

ይህ ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን የተደረገበት ቀን ነው። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር በባንክ ከ60 ብር በታች ይመነዘር ነበር፤ እኛ ወደ መሸጫው ቤት በሄድንበት በኅዳር ግን ከእጥፍ በላይ ሆኗል። በፕሮፎርማው ግርጌ በደቃቅ ፊደል «የምንዛሪ ለውጥ ቢኖር ዋጋው ይስተካከላል» የሚል ቃል ነበረበት። አጎቴ «ልጄ፣ ዕቃው ግቢህ ውስጥ ቆሞ የለም ወይ? በድሮው ዶላር የገባውን በአዲሱ ዶላር ልታስከፍለኝ ነው?» አሉት። ሻጩም «አባቴ፣ ይህን ሸጬ የምተካው በአዲሱ ነው» ብሎ መለሰ።

እዚህ ላይ ለሻጩ ልፍረድለት። የተናገረው ውሸት አይደለም፤ በኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤትም የተማርነው ይህንኑ ነው። በድሮው ዋጋ ሽጦ የሚተካበት ያጣ ነጋዴ ሱቁን ይዘጋል። ነገር ግን የአጎቴም ቃል እውነት ነው፤ ቆሞ የከረመ ካሚዮን ቦታ ይይዛል፣ የባንክ ወለድ ይቈጥራል፣ ጎማውም ያረጃል፤ ሻጩም ቢሆን እንዲሄድለት ይፈልጋል። ትክክለኛ ዋጋ የምለው በእነዚህ በሁለቱ እውነቶች መካከል የሚገኘውን ነው። ዝም ብሎ የፈረመ ሰው ግን የአንዱን እውነት ብቻ ይከፍላል። እኔ አጎቴን ላስፈርማቸው የነበረው በዚህ ዓይነት ነው።

ቀሪው ጥያቄ ቀላል ነበር፤ ያልተጠየቀ ቢሆን ግን ብዙ ያስከፍል ነበር። ዋጋው ተጨማሪ እሴት ታክስን ይጨምራልን? አይጨምርም። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የዚህ ታክስ ልክ 15 በመቶ በመሆኑ በአምስት ሚሊዮን ብር ላይ 750 ሺህ ብር ማለት ነው። ካሶኔውስ? የተጻፈው ዋጋ የጋቢናውና የሻንሲው ብቻ ነው፤ ካሶኔው ለብቻው ይሠራል። ተጨማሪ ጎማና ክሪክስ? «እናያለን» ተባለ። «እናያለን» የሚባል ዕቃ በገበያ ስለማይሸጥ አጎቴ ሁሉም በወረቀት ላይ ይውረድ አሉ።

ሻጩ ወደ ሥራ አስኪያጁ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። በመጨረሻ ከዋጋው ላይ 140 ሺህ ብር ተነሣ፤ ስድስቱም ጎማ ተለወጠ፤ የምንዛሪው ቃል ከውሉ ተሰረዘ፤ የመረከቢያው ቀን ተጻፈ። ሹፌሩ «ትንሽ ብንገፋ ሌላም ይወርድ ነበር» ይላሉ። አጎቴ ግን አልገፉም። የመለዋወጫ ዕቃ ፍለጋ ወደዚያው ቤት መመለሳቸው አይቀርምና፣ ሻጩ ሲያያቸው ፊቱን የሚያዞር እንዲሆን አልፈለጉም። ሻጭ እስኪያለቅስ መከራከርን ጀግንነት የሚያደርጉ ሰዎች አሉ፤ እኔ በበኩሌ አላደንቃቸውም።

በብድር ለሚገዙ ሰዎች አንድ ነገር ልጨምር። «በወር ስንት መክፈል ይችላሉ?» የሚለው ጥያቄ ደግ ይመስላል። ለምሳሌ ሦስት ሚሊዮን ብር በዓመት 15 በመቶ ወለድ የተበደረ ሰው በየወሩ እኩል እየከፈለ በ3 ዓመት ቢጨርስ በወር 104 ሺህ ብር ያህል ይከፍላል። በ5 ዓመት ቢያደርገው ወደ 71 ሺህ 400 ብር ይወርድለታል። ደስ ይለዋል። በጠቅላላው ግን በመጀመሪያው 3 ሚሊዮን 744 ሺህ፣ በሁለተኛው 4 ሚሊዮን 282 ሺህ ብር ያህል ይከፍላል። ስለዚህ መጀመሪያ ስለ ካሚዮኑ ዋጋ ተስማምቶ፣ ስለ ብድሩ ዘመን በኋላ መነጋገር ይሻላል።

በመሥሪያ ቤት የግዢ ክፍል የተመደባችሁ ጓደኞቼም ይህን ነገር የነጋዴ ጉዳይ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቦ ዝቅ ያለውን ቍጥር በቀይ እስክሪብቶ ማክበብ ግዢ የሚመስለው ብዙ ነው። ከሦስቱ አንዱ ታክሱን፣ ሌላው ካሶኔውን ሳይጨምር የጻፈ ከሆነ ግን የተነጻጸረው ምንድን ነው? አጎቴ የጠየቁት ለገዛ ቤታቸው ፈርተው ነው፤ እናንተ የምትፈርሙበት ገንዘብ ደግሞ ብዙ ቤቶች ያዋጡት ነው።

ካሚዮኑ ጤፍ መጫን ከጀመረ በኋላ አጎቴ አዲስ አበባ መጥተው አብረን ምሳ ስንበላ ነገሩን አነሣሁባቸው። «ጋሼ፣ ያን ቀን መነጽሬን ረሳሁ ያሉት ለምንድን ነው? እርስዎ መነጽር የለዎትም እኮ» አልኋቸው።

እንጀራውን እየቈረሱ «ታዲያ በሰው ፊት ልጄ ተሳስቷል ልበል?» አሉኝ።